ጉዱ ካሣን የምንወደው ለምንድን ነው?

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብበን በጨረስንበት ቅዳሜ፣ በንባብ ክበባችን ልማድ መሠረት አንድ ጥያቄ ወረወርን። «ከመጽሐፉ ሰዎች መካከል ማንን ትወዳላችሁ?» የምንሰበሰብባት ክፍል ላፍቶ ውስጥ ከአንድ ግቢ የተከራየናት ጠባብ ቤት ናት። ከጀሞ፣ ከመካኒሳ፣ ከሳሪስ የመጣነው አሥራ ሰባት ሰዎች ግማሾቻችን አልጋ ላይ፣ ግማሾቻችን መሬት ላይ ተጣበን ተቀምጠናል። ከአሥራ ሰባታችን አሥራ ሦስቱ እጃችንን ያወጣነው ለጉዱ ካሣ ነው። ሁለቱ ለሰብለ ወንጌል፣ አንዱ ለበዛብህ አወጡ። የቀረው አንድ ጓደኛችን «እኔስ ፊታውራሪ መሸሻን ነው የምወደው» ብሎ ሲያስቀን አመሸ። ለአበጀ በለው አንድም እጅ አልወጣም።

በማግስቱ እሑድ የዚህን ዕትም ግጥሞች ለመምረጥ ተቀመጥን። የደረሱን ሃያ ሁለት ነበሩ። ዘጠኙ፣ ርእሳቸው ይለያይ እንጂ፣ ነገራቸው አንድ ነው። አገር ታሟል፣ ሕዝብ ተኝቷል፣ የሚቀሰቅስ ሰው ጠፍቷል፤ አንድ ቀን ግን አንድ ሰው ይመጣል። ማን ነው የሚመጣው? ከየት ነው? በስንት ቁጥር አውቶቡስ? ግጥሞቹ ይህን አይነግሩንም። እውነቱን ለመናገር ከዘጠኙ ሁለቱ የእኛው የአዘጋጆቹ ናቸው።

የቅዳሜው እጅና የእሑዱ ግጥም አንድ በሽታ መሆናቸው የታየን ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ነው። ስለዚህ ይህ ሂስ ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ቢመስልም፣ ስለ መጽሐፉ አነባበባችን ነው ቢባል ይቀርባል።

ካሣ ዳምጤን እንጀምር። የተማረ ሰው ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ስለሆነም ከትልቁ ቤት ይገባል፣ ይወጣል። አገሬው «ጉዱ» ያለው አካሄዱም አነጋገሩም ከሰው አልገጥም ስላለው ነው። ሌላው በሹክሹክታ የማይደፍረውን እሱ በአደባባይ ይለዋል። በዘር መኩራራት ከንቱ መሆኑን ይናገራል። ያረጀ ልማድ እየታደሰ ካልሄደ የተሸከመውን ኅብረተሰብ ይዞ እንደሚናድ ይናገራል። ደግሞ አነጋገሩ ደረቅ አይደለም፤ ያስቃል። እኛም ስናነብ እየሳቅን «በለው! ልክ ልካቸውን ንገርልን!» እንላለን።

«ንገርልን» የምትለዋን ቃል እባካችሁ ልብ በሏት። ጉዱ ካሣን የምንወደው እኛን ወክሎ ስለሚናገርልን ነው። እሱ ተናግሮ ሲጨርስ እኛ የሠራን ያህል ይቀለናል። መጽሐፉን ከድነን ሻይ እንጠጣለን። ነገሩ ሁሉ ቀድሞ እንደነበረው ነው፤ ግን አንድ ሰው ስለ ተናገረ የተንቀሳቀሰ ይመስለናል። የተማረ ሰው ለራሱ ከፈለሰፋቸው ምቾቶች ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ያለ አይመስለንም፤ ኧረ ምንም የለም!

ብዙዎቻችን ይህን መጽሐፍ ቀድመን ያገኘነው በዓይናችን ሳይሆን በጆሯችን ነው። ወላጆቻችን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ሲተርከው ሰምተውታል፤ እኛም በቅጂው ደርሰንበታል። እንግዲህ ሰፈራችን «ንፋስ ስልክ» የተባለችው ያለ ሽቦ በአየር ከሚላከው ስልክና ሬዲዮ ስሟን ወስዳ ነው። በንፋስ ስልክ ተቀምጦ ጉዱ ካሣን በንፋስ መስማት የተገባ ነገር ነው ብለን ቀልደናል። ወጋየሁ የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ ለየብቻው አድርጎ ሲያመጣው አሁንም ጸጉር ያቆማል። ነገር ግን ሬዲዮው አንድ ነገር ሳያስለምደን አልቀረም ብለን እንጠረጥራለን። ጉዱ ካሣ የሚኖረው በድምፅ ነው፤ ሰብለና አበጀ በለው የሚኖሩት በሥራ ነው። በጆሮ የሚቀረው ደግሞ ድምፅ ነው። ለዚህም ይሆናል ከክበባችን ግማሹ የጉዱ ካሣን ንግግር በቃሉ ሲወጣው፣ ገበሬዎቹ ፊታውራሪን ለምን እንደ ማረኩ ግን ሲጠየቅ የተንተባተበው።

ወደ በዛብህ እንለፍ፤ በእሱ ላይ ብዙ አንቆይም። በዛብህ በሌላ ሰው ስእለት የሚኖር ልጅ ነው። አባቱ ቦጋለ መብራቱና እናቱ ውድነሽ በጣሙ ልጁ እንዲተርፍላቸው ብለው ለእግዚአብሔር ሰጡት፤ ሳያድግ ዕድሜው በሙሉ ተፈረመበት። ድጓውንም ቅኔውንም ተማረ፣ ድምፁ አማረ፣ ወደደም። ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ግማሽ ነው። ይቀርባል፣ ይፈራል፤ ይሸሻል፣ ይናፍቃል። እናዝንለታለን። ለእሱ እጁን ያወጣው ጓደኛችንም ምክንያቱን ሲጠየቅ «እኔን ስለሚመስለኝ» ነው ያለው። ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። እንደምታውቁት ብዙዎቻችን የምንማረውን ትምህርት የመረጠልን ሌላ ሰው ነው።

በሰብለ ወንጌል ላይ ግን ረጋ ብለን መቆም እንፈልጋለን። መጽሐፉን ስናነብ ያልጠበቅነው ነገር የገጠመንም እዚህ ላይ ነው። በክበባችን ለንባብ የምትዞረው ቅጂ አርጅታለች፤ ከመጨረሻው ሩብ ላይ ስድስት ቅጠል ተገንጥሎ ጠፍቷል። የጠፋው ሰብለ ከአባቷ ቤት ከምትወጣበት አካባቢ ነው። ታዲያ እንዲህ ሲሆን ምን አደረግን? ጠበቅን። «የሆነ ሰው ሙሉ ቅጂ ያመጣል» ተባባልን። አንደኛው ቅዳሜ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። በሦስተኛው ቅዳሜ ማንም አላመጣም፤ ዘልለን እንቀጥል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ሊጸድቅ ነበር። ያን ጊዜ ከመካከላችን ዝም ብላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። በሳምንቱ መካከል ወመዘክር ሄዳ፣ ቁጭ ብላ ስድስቱን ቅጠል ገልብጣው ኖሯል። «ለምን አልነገርሽንም?» አልናት። «ምን ብዬ? ልሄድ ነው ብዬ?» አለችን። ለሰብለ እጃቸውን ካወጡት ሁለት ሰዎች አንዷ እሷ ናት።

የሰብለን ታሪክ መልሰን ያየነው ከዚህ በኋላ ነው። ሰብለ በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ አብልጣ የጠበቀች ሰው ናት። ጠያቂ በመጣ ቁጥር አባቷ ዘሩን ይሰፍራሉ፤ ለፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚመጥን ዘር ደግሞ በአገሩ አልተገኘም። እኩዮቿ ሲዳሩ፣ ሲወልዱ እሷ ትልቁ ቤት ውስጥ እየተጠበቀች ትጠብቃለች። ያላትን አንድ ደስታ፣ መምህሯን በዛብህን፣ ስታገኝም መጀመሪያ የተደረገው ያው ጥበቃ ነው። እሱ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል፤ እሷ እንድትቀር ይሆናል። በብዙ ልብ ወለዶቻችን ሴት ገጸ ባሕርይ እዚህ ላይ ትቆማለች፤ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ ደራሲው ወንዱን ተከትሎ ይሄዳል። ሐዲስ ግን ይህን አላደረጉም። ሰብለ ማንነቷን በልብስ ለውጣ፣ ያን ሁሉ አገር በእግሯ ልታቋርጥ ትወጣለች። ከእልፍኝ ወጥታ የማታውቅ የመኳንንት ልጅ በዓባይ በረሃ በኩል ወደማታውቀው ከተማ ስትጓዝ ማንም «ሂጂ» ብሎ አላዘዛትም፤ ማንምም መንገዱን አልጠረገላትም።

እርግጥ ነው፣ መጨረሻው አያምርም። በዛብህ በመንገድ ላይ በሽፍታ ተመትቶ፣ ለሞት ሲያጣጥር ነው የምትደርስበት። ከክበባችን አንዱ «ታዲያ ምን ጠቀማት? ቁጭ ብትል ምን ይቀርባት ነበር?» ሲል ተከራከረ። ክርክሩ አንድ ሰዓት ፈጀ፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ያመለጣቸውም ነበሩ። የእኛ አስተያየት ይህ ነው። መንገዱ ለሰብለ ዋስትና አልሰጣትም፤ ደራሲውም ዋስትና አለው ብለው አልዋሹንም። ነገር ግን ከዚያች ሌሊት በኋላ ያለው ሐዘን የራሷ ሐዘን ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሐዘን ሌሎች የሰፉላት ቀሚስ ነበር።

አሁን ማንም እጅ ወዳላወጣለት ሰው እንመለስ። ፊታውራሪ መሸሻ ከተለመደው ግብር በላይ ገበሬውን ሲጠይቁ ባላገሩ ተሰብስቦ ይመክራል፤ እንቢ ይላል። ፊታውራሪም ሊያስገብሩ ይዘምታሉ። በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎች ይገጥሟቸዋል፣ ያሸንፏቸዋል፣ ይማርኳቸዋልም። የትልቁን ቤት ግድግዳ ያናወጠው እንግዲህ ይህ ነው። ጉዱ ካሣ ስንት ዓመት «ይናዳል» ሲል ኖረ፤ ግድግዳውን በትከሻቸው የገፉት ግን ንግግሩን ያልሰሙ ገበሬዎችና አንዲት ከቤት የወጣች ልጅ ናቸው። አበጀ በለው ስለ ሕንፃ መናድ ፍልስፍና የለውም። ያለው የግብር ሒሳብ ነው፤ ይህን ያህል ድሮ እንሰጥ ነበር፣ ከዚህ በላይ አንሰጥም። ስለዚህ አይጠቀስም። በቃል ለመያዝ አይመችም።

መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ አደባባይ ወጥተዋል። ከነሱም በፊት በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ በኮሌጅ ቀን «ደሃው ይናገራል»ን አንብቧል። የእኛ ዓይነቱ በራሪ መጽሔት የሚወርሰው ይህንን ቤት ነውና በክብር እናነሣዋለን፤ የዋጋውንም ነገር አንዘነጋም፣ በዚያ ዘመን ለግጥም ከትምህርት መባረር ነበር። ሆኖም አንድ ነገር እንጠይቅ። ደሃው ይናገራል ተብሎ የተናገረው ተማሪው ነው። «አራሹ» ተብሎ የጮኸው ተማሪው ነው። ይህ ስሕተት ነው አንልም፤ ደሃው በዚያ አዳራሽ መግቢያ አልነበረውማ! ግን ቀስ በቀስ ልማዱ ተገለበጠ። መጀመሪያ ደሃውን ወክለን ተናገርን፤ ኋላ ደሃው እስኪነሣ እንጠብቃለን አልን፤ ዛሬ ደግሞ ደሃውም እኛም አንድ ያልታወቀ ሰው እንጠብቃለን። ዘጠኙ ግጥሞች የደረሱት እዚህ ላይ ነው።

ስለ ጉዱ ካሣ የተነሣውን መከላከያ ሳናቀርብ ብናልፍ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ከመካኒሳ የምትመጣ ጓደኛችን ቆጣ ብላ «ምላስ በሚቆረጥበት አገር መናገር ራሱ ሥራ ነው» አለች። ልክ ናት። ጉዱ ካሣ ለተናገረው ነገር ከፍሏል። ተዋርዷል፣ እንደ እብድ ተቆጥሯል፣ ከወገኖቹ ተለይቷል። ለበዛብህና ለሰብለም ምስጢረኛና ደጋፊ ሆኗል፤ ይህን አንክድም። ደራሲውም ቢሆኑ ተናግረው የተቀመጡ ሰው አይደሉም። በ1928ቱ ጦርነት ዘምተዋል፤ ተማርከው ጣሊያን አገር በግዞት ዓመታት አሳልፈዋል፤ ከዚያ ተመልሰው ነው ያን ሁሉ ገጽ የጻፉት። ስለዚህ ቅሬታችን ከጉዱ ካሣ ጋር አይደለም፤ ከአሥራ ሦስቱ እጆች ጋር ነው። እሱ የከፈለውን ሳንከፍል የእሱን ንግግር እንከራያለን። ከዘጠኙ ግጥሞች ውስጥ ለጸሐፊው አንዲት ሳንቲም፣ አንዲት ቀን፣ አንድ ወዳጅ እንኳ የምታስከፍል ስንኝ ፈልገን አጣን። የሁለታችንንም ጨምሮ።

በነገራችን ላይ፣ ጠባቂው ሰው በልብ ወለዶቻችን ውስጥ በደንብ ተሥሎ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ በበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር»፣ በ1962 ዓ.ም. በወጣው። አበራ ወርቁ ሠዓሊ መሆን ይፈልጋል። ነገ ቢሮውን ይለቃል። ነገ ሸራውን ይወጥራል። ቤተ ዘመድ ደግሞ አግባ፣ ውለድ፣ ሰው ሁን ይለዋል። በዓሉ ይህን ሰው አያሞካሸውም፤ ለዚህ ነው ስናነበው የሚያመን። በክበባችን ይህን መጽሐፍ ስናነብ ለአበራ እጅ ያወጣ አልነበረም፤ ሁላችንም ግን ከጉዱ ካሣ ይልቅ የምንቀርበው ለእሱ ነው። በሚቀጥለው ዕትም በሰፊው እንመለስበት ይሆናል።

አሁን አንድ ነገር እንናዘዝ። ባለፈው ክረምት ከክበባችን ቤት ፊት ለፊት ያለችው የቦይ መሻገሪያ በጎርፍ ተወሰደች። ሁለት ሳንቃ ነበረች፣ ሌላ ምንም አይደለችም። ግን ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ሴቶች ወደ ወፍጮ የሚሻገሩት በእሷ ነው። እኛ የተማርነው ሰዎች ተሰብስበን ማመልከቻ ጻፍን። ጥሩ ማመልከቻ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ተረቅቆ በግልባጭ ተልኳል። ጉዳዩ ይመለከተዋል ያልነው መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን መቀበሉን ማኅተም አድርጎ ሰጠን። ከዚያ ጠበቅን። ከመካከላችን አንዱ ስለ ድልድዩ ግጥም ጻፈ፤ ድልድዩ አገር ነበረች፣ ጎርፉ ዘመን ነበር፤ መጨረሻው ላይ አንድ ሰው ይመጣል።

በአሥረኛው ቀን የሰፈሩ እድር እናቶች፣ አንድ ብየዳ ሠራተኛና ከአስፋልቱ ዳር ጫማ የሚጠርጉ ልጆች ሆነው ድንጋይ ሲደረድሩ ደረስን። ከአንድ ጅምር ግንባታ ባለቤቱን ለምነው የተረፈ ብረት አምጥተዋል፤ እድሩ ለሬሳ ማረፊያ ከሚያውለው አሮጌ አግዳሚ ወንበር ሁለቱን ለሳንቃ ሰጥቷል። አንዲት እማማ ቀና ብለው አዩንና «ልጆቼ፣ ጽፋችሁ ጨረሳችሁ?» አሉን። «አዎ እማማ።» «እሰይ፤ እንግዲያው ድንጋይ አቀብሉን።» አቀበልን። ከሰዓት በኋላ አለቀ።

ይህን የምንጽፈው እናቶቹን ጀግና አድርገን ሌላ ግጥም ለመግጠም አይደለም። መሻገሪያዋ ፍጹም አይደለችም፤ ዝናቡ ሲበረታ ውኃ በላይዋ ይሄዳል፤ የቦዩን ነገር መሠረቱ ድረስ ሊያስተካክል የሚችለው ያው ማኅተም ያደረገልን መሥሪያ ቤት ነው። ከኃላፊነቱም አላወጣነውም። እናቶቹም አላወጡትም፤ ድንጋዩን ደርድረው ሲያበቁ እኛ የጻፍነውን ማመልከቻ ተቀብለው፣ አራት ሆነው ራሳቸው ይዘውት ሄዱ። በዚህ ጊዜ ያናገራቸው ሰው ማኅተም ብቻ አልሰጣቸውም፤ ወርዶ ቦዩን እንዲያይ አደረጉት። ይህ ከአበጀ በለው ሒሳብ ጋር ይመሳሰላል። የራሳቸውን ድርሻ ከሠሩ በኋላ የሌላውን ድርሻ በስሙ ጠርተው ጠየቁ። እኛ ግን የራሳችንን ድርሻ ሳንሠራ የሌላውን በግጥም ስንጠይቅ ከርመናል፤ እሱንም ስሙን ሳንጠራ።

እንግዲህ ወደ ግጥሞቹ። ከዘጠኙ ስምንቱን በዚህ ዕትም አላወጣንም፤ ሁለቱን የራሳችንንም ጭምር። ያወጣነው አንዱን ነው፤ በገጽ አምስት ታገኙታላችሁ። ቋንቋው ከሌሎቹ ይበልጣል ለማለት አንደፍርም፤ ቤት የሚመታው በግድ ነው፤ ሦስተኛው ቤት ላይ ምጣኔው ይሰበራል። ነገር ግን ግጥሙ ስለ አንድ የጠፋ ሰው እየተናገረ ሄዶ፣ መካከል ላይ ጸሐፊው በራሱ ስም ገብቶ ትናንት ሊያደርግ ሲገባው ያላደረገውን አንድ ነገር፣ ለማን እንደ ሆነና በስንት ሰዓት እንደ ሆነ ይናገራል። ይህን ስናነብ አፈርን፤ ግጥም ማሳፈር ከቻለ ደግሞ የምጣኔው ነገር ሌላ ቀን ይታያል። የቀሩት ስምንት ገጣሚዎች ግጥሞቻቸው እንዲመለሱላቸው ከፈለጉ በክበባችን ቤት ያገኟቸዋል። አሻሽለው ቢያመጡ ደግሞ እናነባለን፤ አንድ ልመና ብቻ አለን፣ የሚመጣው ሰው ማን እንደ ሆነና ገጣሚው እስከዚያ ምን ሲሠራ እንደሚቆይ ይጻፍልን።

ስድስቱ በእጅ የተገለበጡ ቅጠሎች በክር ተሰፍተው ቅጂያችን ውስጥ ገብተዋል። መጽሐፏን መዋስ የሚፈልግ ስሙን ይመዝገብ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ንባብ «ከአድማስ ባሻገር» ነው፤ በክበባችን ያሉት ሁለት ቅጂዎች ብቻ ስለሆኑ ተጨማሪ የሚያመጣ ሰው ያስፈልጋል። የሚቀጥለውን ዕትም ስቴንስል የሚመታና የማባዣውን መኪና እጀታ የሚያዞርም እንዲሁ። እስከ አሁን የተመዘገቡት ሦስት ናቸው።